ሙቀጫ የሌለው ዘነዘና

የእትዬ የሻረግን ማረፍ የሰማሁት የሰው ወገብ እየለካሁ ሳለ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ገበያው አጠገብ ካለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ታደሰ የሚባል የቡሬ በርበሬ ነጋዴ፣ ዱሮ አንድ ሰፈር የኖርን ሰው፣ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ፊቴ ቆሟል። ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ ሳዞር፣ "ያች ጎረቤትህ የነበረችው ወጥ ሠሪ አረፈችኮ" አለኝ፣ ስለ በርበሬ እንደሚያወራ ሰው።

"መቼ?"

"ኧረ አርባዋም ወጥቷል።"

ሜትሩን ለቅቄ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። የማንም ቀብር አምልጧት የማያውቅ ሴት ስትቀበር እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ኮሌታ ስገለብጥ ነበርሁ። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚመላለሰው ሰው ሁሉ አንዲት ቃል ይዞልኝ አይመጣም? ታደሰ ግን ንዴቴን ልብ አላለውም፤ ወሬው ገና መጀመሩ ነበር።

የወንድሟ ልጆች ውርስ ሊካፈሉ ከገበዝ ማርያም አህያ እየነዱ መጡ አለኝ። የግራዝማች ሚስት የነበረች ሴት ናት፤ የብር ድሪ፣ ምናልባትም የተቀበረ ወርቅ አይጠፋም ብለው ነው። ቤቷን ከፈቱ፤ ለነገሩ ቁልፍም አልነበረው። አንድ ቁርበት፣ አንድ ድስት፣ አንድ ዋንጫ አገኙ። ወለሉን በዶማ ቆፈሩት፤ አፈር ነው። ከራስጌዋ ግን አንድ የጠቆረ ዘነዘና ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "ሙቀጫውስ?" ብለው የግቢውን ባለቤት እማማ ደብሬን ጠየቁ። እማማ ደብሬም "ሙቀጫ ኖሯት አያውቅ" አሉ። ወራሾቹ አላመኗቸውም። አሮጊቷ ሙቀጫውን ደብቀውት ነው ተብሎ ጸብ ተነሣ፤ በስንት ሽማግሌ በረደ።

"እስቲ ይታይህ" አለ ታደሰ እየሳቀ፣ "ሙቀጫ የሌለው ዘነዘና ለሰው ምን ያደርግለታል? ሴትዮዋ ትንሽ ነካ ያደርጋት ነበር እንዴ?"

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሀል ላይ ዕንባ ሆነብኝና ፊቴን ወደ መኪናዬ አዞርሁ። ታደሰ ደንግጦ "ዘመድህ ነበረች እንዴ?" አለኝ። ዘመዴ አልነበረችም። ጎረቤቴ ነበረች፤ ከዘመዶቼ ሁሉ ግን እንደ እሷ የሚናፍቀኝ የለም።

ጊዜው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ሚስት ሳላገባ ቡሬ ከእማማ ደብሬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን ከጎኔ ያለችው ክፍል ሰው አገኘች ተባለ። የመጣችው ሴት ረዘም ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ ናት። ሰፊ ነኝና ከሰው መጀመሪያ የማየው ልብሱን ነው። የቀሚሷ ጥልፍ የሀብታም ቤት ጥልፍ ነው፤ በእጇ ግን አንድም ነገር አልያዘችም። ላግዛት ብዬ ወጣሁና "ዕቃዎ መቼ ይመጣል እትዬ?" አልኋት።

"ዕቃዬ መጥቷል" ብላ ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። "ደግሞ እርስዎ አትበለኝ። እርስዎንም እዚያው ትቼው ነው የመጣሁ።"

ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የግራዝማች ሚስት አንቺ ማለት አፌን እስኪለምድ ተቸገርሁ። እሷ ግን በዚያው ቀን "አያ ሰፊው" የሚል ስም አወጣችልኝ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

ታሪኳን የሰማሁት ቀስ በቀስ ነው። እኔ በሬ ላይ ስሰፋ እሷ ደፏ ላይ ቁጭ ብላ የሰው በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ እንዲህ እያልን እናወራለን። ባሏ ግራዝማች አድማሱ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ወጣ ብለው የሚኖሩ ባለብዙ ከብት ሰው ነበሩ። "ክፉ ሰው አልነበሩም" ትላለች ሁልጊዜ። "እጃቸውን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ክፉው ቤቱ ነው።" የጎተራው፣ የሳጥኑ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁሉ በመቀነቷ ላይ ታስሮ ይውላል። ስትራመድ ያንቃጭላል፤ ሠራተኞቹ መምጣቷን በቁልፉ ድምፅ ያውቃሉ። ከቤት ልውጣ ካለች ቁልፉን ለማን ትሰጣለች?

አንድ ዓመት በመኸር ወቅት፣ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ እናቷ ሞተች የሚል መርዶ ከቋሪት መጣ። ግራዝማች ለርስት ክርክር ደብረ ማርቆስ ሄደዋል። ግቢው በአጫጅና በወቂ ተሞልቷል፤ ጎተራው ክፍት ነው። እህሉን ላስገባና ነገ እሄዳለሁ አለች። ስትደርስ አፈር ተመልሶ ሰዉ ሊበተን ነበር።

"እናቴን ቀበሯት፤ እኔ ጎተራ ስጠብቅ" ትል ነበር። ሌላ ወሬ ስታወራ እጇ ከበርበሬው ላይ አይቆምም፤ ይህን ስትናገር ግን ይቆማል።

በዚያው ዓመት ፍቺ ጠየቀች። በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲፋቱ ያለው ሁሉ እኩል ለእኩል ነው። ሽማግሎች ይቀመጡና ከብቱን፣ እህሉን፣ ዕቃውን ያካፍላሉ። ግራዝማች ሚስታቸው እንድትሄድ አልፈለጉም፤ አትሂጂብኝ ብለው መለመን ደግሞ ለኩራታቸው ከበዳቸው። ስለዚህ በዕቃው ይከራከራሉ። ይህ ኮርቻ የአባቴ ነው፤ ያን ሰታቴ ሳላገባ ነው የገዛሁት፤ ምስክር ላምጣ፤ ቀጠሮ ይሰጠኝ። እሷም አልለቅም ብላ ትከራከራለች። ክፍፍሉ ሳያልቅ የወጣች ሴት ጥላ ሄደች ስለምትባል ቁልፏን እንደታጠቀች እዚያው ቤት ትኖራለች። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ሌላም ክረምት መጣ። የግራዝማች ቤት ጠላ ደግሞ ጥሩ ነው መሰል፣ ሽማግሎቹም አልቸኮሉም።

አንድ ቀን ተራው የሙቀጫ ሆነ። ከሷ ቤት የመጣ ነው፣ የለም ከሳቸው ደን የተቆረጠ ነው ሲባል ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲህ እኩል እንዲሆን ሙቀጫው ለሴትዮዋ፣ ዘነዘናው ለግራዝማች ይሁን" ብለው ፈረዱ። ሌሎቹም ትክክል ነው አሉ።

"ሳቄ መጣ አያ ሰፊው። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ሽማግሎቹ ያበድሁ መሰላቸው። እስተዚያች ቀን ድረስ ዕቃ ስንካፈል የከረምን መስሎኝ ነበር። ለካ በየዕቃው እያሰሩኝ ነው። እኔ ደግሞ ገመዱን እያቀበልኋቸው!"

ተነሥታ ቁልፎቹን ከመቀነቷ ፈታችና ሽማግሎቹ ፊት አስቀመጠች። "ሙቀጫውም ዘነዘናውም፣ በሬውም ላሙም ለሳቸው ይሁን። ለኔ እኔን ስጡኝ" አለቻቸው። በለበሰችው ልብስ ወጥታ እስከ ቡሬ በእግሯ መጣች።

የቡሬ ድግስ ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ አልሆነም። ሠርግ ይሁን ተዝካር እሷ ካልሠራችው ወጡ ወጥ አይደለም። የራሷ ድስት ለአንድ ሰው ሽሮ የምትበቃ ነበረች፤ በሰው ሰታቴ ግን አገር ታበላለች። ድግሱ ሲያልቅ ሰታቴውን የሚያጥበው፣ የሚቆጥረው፣ ጎደለ ብሎ የሚጣላው ባለቤቱ ነው። እሷ እጇን ታጥባ ትወጣለች።

አንድ ሕግ ነበራት፤ አንድ ነገር ከገባ አንድ ነገር ይወጣል። አንድ ፋሲካ ከልቤ ደክሜ ቀሚስ ሰፋሁላት። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስትመለስ አሮጌው የለም። ደጀ ሰላም ለተቀመጠች ነዳይ ሰጥታዋለች።

"ምነው እትዬ የሻረግ፣ ለመቀየሪያ እንኳ አታስቀሪም?" ብዬ ተቆጣሁ።

"ሁለት ቀሚስ ሲኖረኝ ጠዋት ጠዋት የቱን ልልበስ እያልሁ ልቆም ነው። እኔ ደግሞ መቆም ሰልችቶኛል።"

"ሲያድፍስ?"

"አጥቤ እስኪደርቅ ቁርበቴ ላይ እተኛለሁ። ከዚያ የሚሻል ዕረፍት አለህ አንተ?"

አልነበረኝም። እኔ ትርፍ ጨርቅ፣ ትርፍ ክር፣ ትርፍ መቀስ የማከማች ሰው ነኝ፤ የዝናብ ጠብታ ጨርቄን እንዳይነካ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ የምውል። ልዩነታችን የሚታየው ደወል ሲመታ ነው። ሰው ሞተ ሲባል እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሣለች፤ በሩን መለስ ታደርግና ሄደች። እኔ መኪናዬን አስገብቼ፣ ጨርቁን አጣጥፌ፣ በሩን ቆልፌ፣ መቆለፉን ለማየት ተመልሼ ስደርስ ቀባሪው እየተመለሰ ነው። "አያ ሰፊው፣ ለሟቹ ሰላምታ ልከህ ነበር እንዴ? አድርሼልሃለሁ" ትለኛለች። የምታውቀውንም የማታውቀውንም ትቀብራለች። ለማን እንደምታለቅስ ግን እኔ አውቅ ነበር።

ሕይወቷ እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው፣ አንድ የጥቅምት ጠዋት፣ ጭነት የጫኑ በቅሎዎችና አህዮች ግቢያችን የገቡት። ከኋላቸው ሁለት ላሞች ይነዳሉ፤ ከፊት ሁለት ሽማግሎች። ሰታቴ፣ ሳጥን፣ ኮርቻ፣ በርኖስ፣ የብር ድሪ፣ ምን የሌለ አለ። የእኔን መኪና ወደ ግድግዳ ገፍተው አራገፉት።

"ግራዝማች ታመዋል፤ የሚተርፉም አይደሉም" አሏት አንደኛው ሽማግሌ። "የንስሐ አባታቸው የሴትዮዋን ሀቅ ሳይመልሱ አልናዝዝዎትም ብለዋቸዋል። ተቀብያለሁ ይበሉን እትዬ፤ የነፍስ ጉዳይ ነው።"

"ይቅር ብያለሁ በሉልኝ። ዕቃውን ግን መልሱት።"

"እሱንስ ብለን ነበር። ይቅርታው ለብቻው ነው፣ ዕቃው በእጅዎ ካልገባ አይሆንም አሉ ቄሱ።"

ጭነቱን ዞራ አየችው። ብትመልሰው ሰውየው ሳይናዘዙ ሊሞቱ ነው። ብትቀበለው ያ ጥላው የወጣችው ቤት እግሯን ተከትሎ መጣ ማለት ነው። በመጨረሻ ተነሥታ እያንዳንዱን ዕቃ በእጇ እየነካች "ተቀብያለሁ" አለች። የላሞቹን ግንባር ሳይቀር።

የዚያን ዕለት ሲመሻሽ መጥታ በሬ ላይ ቆመችና "አያ ሰፊው፣ ትርፍ ቁልፍ አለህ?" አለችኝ። መቼም እኔ ዘንድ ትርፍ የማይገኝለት ነገር የለም። ሰጠኋት፤ ስሰጣት ግን ከፋኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሌላ ሰው ሆነች። ድግስ ሲጠሯት ዛሬ አይመቸኝም ትላለች። ላሞቹን ታልባለች፣ ሰታቴ ትወለውላለች፣ ቁልፉን ሁለቴ ሦስቴ ትነካካለች። እማማ ደብሬ እንደ እመቤት ያጎነብሱላት ጀመር። እኔም አንድ ጠዋት ሳላስበው "እንዴት አደሩ?" አልኋት። ታርመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ አለፈች። ይህን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ወዲያው በሳምንቱ ደወል ተመታ። ለሰፈሩ ውኃ እየቀዳች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት አርፋ ነው። እትዬ የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። የግቢው በር ላይ ስትደርስ ተመልሳ ቁልፉን ጎተት አድርጋ አየችው። ሄደች። እንደገና ተመለሰች። አንደኛዋ ላም ትጮኻለች። "ላሞቹን ማን..." ብላ ጀመረችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደወሉ አሁንም ይመታል። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"እናቴን" አለች።

ቁልፉን ከፈተች፤ በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። "እንካ፣ የራስህን ያዝ" ብላ ቁልፉን ጭኔ ላይ ጥላልኝ ወደ ቀብሩ ሮጠች። የግራዝማች ሚስት የነበረች ሴት በቡሬ መንገድ ላይ ስትሮጥ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ።

ከቀብር ስትመለስ የሰንበቴ ማኅበሩን ሰዎች አስከትላ ነው። ሰታቴዎቹ ዕቃ የሌለው ሰው ሁሉ እየተዋሰ እንዲደግስባቸው ለማኅበሩ ሆኑ። ላሞቹ ለሟች ልጆች፣ ድሪው ለቤተ ክርስቲያን። ሳጥኑም ኮርቻውም ባለቤት አገኘ። በርኖሱን ለእኔ ልትሰጠኝ ነበር፤ "አንተስ ይቅርብህ፣ ቤትህ ሞልቷል" ብላ ለግቢው ዘበኛ ሰጠችው። እውነቱን ለመናገር በርኖሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው ውስጥ የቀረ አንድ ሙቀጫ ነው። ዙሪያውን ፈለገች፣ ዘነዘናው የለም። ግራዝማች ሀቅ መልሱ ሲባሉ የሽማግሎቹን ፍርድ አንድ ስንዝር ሳያልፉ፣ ሙቀጫውን ልከው ዘነዘናውን አስቀርተዋል። ይህ ሲገባት ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሙቀጫው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ቀና ስትል ግን ዓይኗ በዕንባ ተሞልቷል።

በማግሥቱ የጎረቤት አህያ ተውሳ ሙቀጫውን ጫነችው።

"ወዴት?" አልኋት።

"እንዲያው ዘነዘናውን ታቅፈው ብቻቸውን ይሙቱ?"

"ትመለሻለሽ?"

"እንጃ አያ ሰፊው።" እንጃ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ከቀረሁ ቤቱን ለሌላ ሰው ስጡት። የሚወጣ ዕቃ የለበትም።"

ሄደች። እኔ አህያውን መልሶ ካመጣው ሰው ጀምሮ ከዚያ አገር የመጣውን ገበያተኛ ሁሉ አስቁሜ እጠይቃለሁ። እያስታመመቻቸው ነው አሉኝ። ቁልፉን እንደገና ሰጧት ሲሉኝ በቃ ቀረች ብዬ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሳልሠራ ዋልሁ። እማማ ደብሬ ክፍሏን ለማከራየት ሲያስቡ ትንሽ ይታገሡ እያልሁ ለመንኋቸው። ቆይቶ ግራዝማች ተናዝዘው አረፉ የሚል ወሬ መጣ። አርባቸውም ወጣ ተባለ። እሷ ግን የለችም።

አንድ ቀን እጅጌ ስቀጥል ቀና ስል በግቢው በር ገባች። ያው እኔ የሰፋሁት ቀሚስ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ግን አንድ የጠቆረ ዘነዘና ተሸክማለች። ደስታዬን የማደርግበት ስላጣሁ ነገር ፍለጋ ጀመርሁ።

"እህ፣ እትዬ የሻረግ! አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል አልነበር? ለዚህ ዘነዘና ምን ሊወጣለት ነው?"

ለቀልዴ ሁሉ በቀልድ የምትመልስ ሴት ያን ቀን አልሳቀችም። ከዚያ ዘነዘናውን ከትከሻዋ አወረደችና፣ "የሚወጣውማ ቀድሞ ወጥቷል አያ ሰፊው" አለች።

ግራዝማችን ማለቷ ነበር። ሰው ሊሰናበተው የሄደውን ሰው እዚያው ሊወደው እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከብዙ ቀን በኋላ ነገረችኝ። ሙቀጫውን አራግፋ መኝታቸው አጠገብ ስታስቀምጠው፣ "ይኼን ደሞ ለምን መለስሽው?" አሏት። "ዘነዘናዎ ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ" አለቻቸው። ግራዝማች ሳቁ። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም ነበር። የሰጧትን ቁልፍ ሳትታጠቀው ትራሳቸው ሥር አኖረችው። ሲሞቱ የሥጋ ዘመዶች ዕቃ ሲቆጥሩ እሷ ሙቀጫውን እዚያው ትታ ዘነዘናውን ይዛ ወጣች፤ ማንም ልብ አላላትም።

እኔ ከዚያ ሚስት አገባሁና ወደ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። አንዳንዴ ለድግስ ወይም ግሽ ዓባይ ለመሳለም ስትሄድ ጎራ ትል ነበር። በረንዳዬ ላይ ትቀመጥና ወደ ውስጥ አየት አድርጋ "አያ ሰፊው፣ ግድግዳህ የት ሄደ?" ትለኛለች፤ ከጨርቅ ብዛት አይታይም ማለቷ ነው። ስትነሣ እስከ ከተማው ጫፍ እሸኛታለሁ። ወደ ኋላ ዞር አትልም። ያች ቀጥ ያለች ጀርባ እስክትሰወር ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ ቁልፌን በኪሴ እየዳበስሁ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ። እንደ እሷ መሆን እመኝ ነበር። አልሆነልኝም። ያም ሆኖ እሷ በመንገዱ ላይ እስካለች ድረስ መንገዱ ለእኔም የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

ታደሰ ዓይኔን እስክጠርግ ጠበቀኝ።

"ዘነዘናውን ወራሾቹ የት አደረጉት?" አልሁት።

"ማን ይሸከመዋል? ጥለውት ሄዱ። እማማ ደብሬ በር ያስደግፉበታል። ከፈለግኸው በሚመጣው ገበያ ላምጣልህ?"

ዞር ብዬ ሱቄን አየሁት። ጨርቁ እስከ ጣሪያ ደርሷል፤ ሁለተኛዋን መኪናዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ሳጥን ላይ ጭኛታለሁ። አንድ ዘነዘና የሚቆምበት ጥግ የለም። እሷ ብትኖር የምትለኝን አውቀዋለሁ፤ "ምን ሊወጣለት ነው አያ ሰፊው?" ትለኝ ነበር።

የሚወጣውማ ቀድሞ ወጥቷል።

"አምጣልኝ" አልሁት ታደሰን፣ ሜትሩንም ከመሬት አነሣሁ።